ከቤት የማትወጣ ልጅ

ዓይናለም ይሻው የተወለደችው ከገሳይ በላይ፣ ወደ ጉና ተራራ ግርጌ በሚጠጋ መንደር ነው። አገሩ ብርድ ነው፤ ገብስና ድንች ያበቅላል፣ ጤፍ አይሆንለትም። አባቷ አቶ ይሻው ጥንድ በሬና ጥቂት በግ ያላቸው ገበሬ ናቸው። ብዙ አይናገሩም፤ የተናገሩትንም አይደግሙም። ልጅቷ በዚህ እሳቸውን ወጥታለች።

እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተማረች። ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ አባቷ አንድ ጆንያ ድንች፣ አንድ ከረጢት በሶና አንዲት ፍራሽ አስጭነው ደብረ ታቦር አመጧትና ከእኔ ግቢ አጠገብ ወይዘሮ አሰለፈች ዘንድ ቤት ተከራዩላት። ወይዘሮ አሰለፈች ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በግቢያቸው ዙሪያ ትንንሽ ክፍሎች ሠርተው ከገጠር ለሚመጡ ተማሪዎች የሚያከራዩ ሴት ናቸው። በሰፈራችን አከራይ ብዙ ነው፤ እንደሳቸው ያለ ተቆጣጣሪ ግን የለም። ማን መቼ እንደገባ፣ ማን ከማን ጋር በር ላይ እንደቆመ ሳያዩ አይቀሩም። ልጆቹ በሌሉበት “ኬላ” ይሏቸዋል። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ፤ ስሙን አልጠሉትም።

በእኔና በሳቸው ግቢ መካከል ያለው አጥር ቁልቋል ነው። ከብት ይከለክላል፣ ንግግር አይከለክልም። ስለዚህ የምጽፈውን አብዛኛውን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ የቀረውን ራሷ ዓይናለም ነግራኛለች።

ዓይናለም ዘጠነኛ ክፍል አንደኛ ወጣች። አሥረኛ ክፍል አንደኛ ወጣች። አሥራ አንደኛም እንዲሁ። ሌሎቹ ልጆች ለሁለተኛነት ይፎካከሩ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል በገባች ዓመት የፊዚክስ አስተማሪዋ መምህር ታምራት አንድ ወሬ አመጣላት። አዲስ አበባ ውስጥ ከመላው አገር ጥቂት ልጆች ብቻ መርጦ በነጻ የሚያስተምር ኮሌጅ አለ፤ ምግቡም መኝታውም በሱ ነው፤ ምህንድስና ያስተምራል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እንደሚደርሳት ማንም አይጠራጠርም ነበር። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ አልፈለገችም። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት፣

“እዚያ ማሽን ይፈታል ጋሼ” አለችኝ።

ስለ ማሽን አራት ዓመት ሙሉ ስትማር አንድም ማሽን ተፈትቶ አላየችም። በመጽሐፍ ሥዕሉን አይታለች። ሥዕሉም ቢሆን በእኛ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ የደበዘዘ ነው።

ማመልከቻው በስልክ የሚሞላ ነበር። ውጤቷን የምታስገባበት ቦታ ላይ አልተቸገረችም። ከዚያ በታች ግን “ከመደበኛ ትምህርት ውጭ የሚሳተፉባቸውን ተግባራት ይግለጹ” የሚል መጣ፤ ከሥሩም አሥር ባዶ ቦታ። እኔ ፊደል የለየሁት በጎልማሳነቴ፣ የልጆቼን ደብተር ከጀርባቸው ቆሜ እያየሁ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ቀስ ብሎ ያነባል፤ ቀስ ብሎ የሚያነብ ደግሞ የሚያመልጠው ጥቂት ነው። የሰፈሩ ልጆች ይህን ስለሚያውቁ የሚያጠራጥር ጽሑፍ ሲገጥማቸው ወደ እኔ ያመጡታል። ዓይናለምም ስልኳን ይዛ መጣች።

“ምን ማለታቸው ነው?”

“ከትምህርት በቀር ምን ትሠሪያለሽ ነው የሚሉሽ።”

“አሥር ቦታ ትተዋል።”

“አሥር ነገር የሚሠራ ልጅ መቼ ሊያጠና ነው?” አልኳት።

“የሚያጠኑ አሉ ማለት ነው” አለችና ስልኩን ተቀበለችኝ።

መምህር ታምራት የመከራት ክበብ እንድትገባ ነው። ጊዜው ጠባብ ቢሆንም ከባዶ ይሻላል አላት። ስለዚህ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ልትመዘገብ ሄደች። ሚኒ ሚዲያ ማለት ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲወጣና በእረፍት ጊዜ በድምፅ ማጉያ ዜናና ማስታወቂያ የሚያነቡ ልጆች ናቸው። አለቃቸው ጋሹ የሚባል የከተማ ልጅ ነው፤ ድምፁ የሚያምር፣ ያንንም የሚያውቅ።

“ዓይናለም? አንቺ ድምፅ አለሽ እንዴ?” አላት።

“ልሞክር።”

ጋሹ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። “አጨዳ ደርሶ ዘር ይዛ መጣች” አለ። ሳቁ። ሆኖም አልመለሳትም፤ የጠፋ ዕቃ ማስታወቂያ እንድታነብ ሰጣት። የጠፋ መታወቂያ፣ የጠፋ ካልኩሌተር፣ የጠፋ ቁልፍ። እሷ ስታነብ ከኋላ የተሰለፉት አይሰሙም፤ ከፊት ያሉትም “ምን ጠፋ አለች?” እያሉ ይጠያየቃሉ። ወር ያህል እንዲህ ከቆዩ በኋላ ጋሹ ለብቻዋ ጠራት።

“አትቀየሚኝ፤ አንቺ የምታነቢ ቀን የጠፋው ነገር አይገኝም” አላት።

አልተቀየመችም። እውነቱን ነው ብላ ወጣች። ከአሥሩ ቦታ በአንዱ ላይ “ሚኒ ሚዲያ፣ አንድ ወር” ብላ ጻፈች። መምህር ታምራት ሲያየው ራሱን ነቀነቀ።

“የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ጸሐፊ ነኝ ብለሽ ጨምሪ። ማን ያጣራል?”

“ያጣራሉ መምህር። የሁለት ሰው ስልክ ጠይቀዋል።”

የጠየቁት የአንድ አስተማሪና ዘመድ ያልሆነ የአንድ ጎረቤት ስልክ ነው። አስተማሪው መምህር ታምራት ሆነ። ጎረቤቷ ደግሞ ወይዘሮ አሰለፈች። የእኔን ያልሰጠችው ስልኬ ሲበዛ ዝግ ስለሆነ ነው።

ከጻፈችው ይልቅ ያልጻፈችው ይበልጥ ነበር። የገጠር ተማሪ ኑሮው ስንቅ ነው። ዓርብ ከትምህርት ሲወጣ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፤ እሑድ በሶውን፣ ድርቆሹን፣ ሽሮውን ተሸክሞ ይመለሳል። የሚያጠናበት ሁለት ቀን በመንገድ ያልቃል። ዓይናለም አሥረኛ ክፍል ሳለች መንገድ የተዘጋበት ሰሞን ነበር። ስንቅ ያለው በሩን ዘግቶ ያበስላል፤ ያለቀበት ደግሞ የበላ ለመምሰል ደጅ ተቀምጦ ጮክ ብሎ ይስቃል። በአጥሩ በኩል ይህን ሳቅ እሰማ ነበር። ባለቤቴ ደህና አድርጋ ታውቀው ኖሮ ድንች ቀቅላ ትልክ ነበር፤ አንድም ልጅ ግን ርቦኛል ብሎ አልተቀበለም። “በልተናል፣ ግን እንቅመስልዎ” ነበር የሚሉት።

መንገዱ ሲከፈት ዓይናለም የግቢውን ተማሪዎች ሰብስባ ስንቁን በወንፈል እናድርገው አለች። ዛሬ የአንዱን ማሳ፣ ነገ የሌላውን በተራ እንደሚያርሱት ማለቷ ነው። በየቅዳሜው ሁለት ልጅ ብቻ ይሄዳል፤ አንዱ ወደ ገሳይ፣ አንዱ ወደ እብናት። በየቤተሰቡ እየዞረ የሁሉንም ስንቅ ይዞ ይመጣል። የቀሩት ቁጭ ብለው ያጠናሉ። የመጣው ሁሉ አንድ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ማን ምን እንደላከ አይነገርም። ቆላው ጤፉን፣ ደጋው ድንቹንና በሶውን። ከዚያ ወዲህ በዚያ ግቢ ያለምክንያት ጮክ ብሎ የሚስቅ አልሰማሁም።

“ይኸን ለምን አትጽፊም?” አልኳት።

“ስለ ሆድ ጋሼ?” አለችኝ።

ሁለተኛ አላልኳትም። እኔም ብሆን አልጽፈውም ነበር። ሰው የሚበላውን ከማን ጋር እንዴት እንዳቃመሰ ለባዕድ አይዘረዝርም። ሣጥኑ ደግሞ የሷ ብቻ አይደለም፤ የሌሎቹም ገበና አለበት።

ማመልከቻውን ላከች። ለወይዘሮ አሰለፈችም፣

“እትዬ፣ ስለ እኔ የሚጠይቅ ሰው ከአዲስ አበባ ይደውልልዎ ይሆናል። የሚያውቁትን ይንገሩልኝ” አለቻቸው።

የኮሌጁን ነገር አላነሳችም። ሳይሆን ቢቀር ወሬው ገሳይ ድረስ ቀድሟት እንዳይደርስ ፈርታ ነው። ወይዘሮ አሰለፈችም “እሺ የኔ ልጅ” አሉ እንጂ አልጠየቋትም። ያንን የመሰለ ጠያቂ ሴት ሳይጠይቁ መቅረታቸው ሊያስጠረጥረን ይገባ ነበር።

በእኛ አገር ሩቅ ያለ ሰው ስለ አንዲት ልጅ ጎረቤት የሚጠይቅበት ጉዳይ አንድ ነው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የልጁ ወገን የልጅቷን ጠባይ ያስጠይቃል። ዱሮ በእግር ይመጡ ነበር፤ ዛሬ ይደውላሉ። የተጠየቀው ጎረቤት የሚመልሰውም የታወቀ ነው። ከቤት አትወጣም፣ ድምጿ አይሰማም፣ ቀና ብላ ሰው አታይም ይላል። ይህን ያላለ ጎረቤት ልጅቷን እንዳማት ይቆጠራል።

ስልኩ የተደወለው በሁዳዴ ነው። ወይዘሮ አሰለፈች ደጃቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። እኔ በበኩሌ የተጣሰ አጥር እጠግናለሁ። እሳቸው በስልክ ሲናገሩ ሰውየው ከማዶ ተራራ ላይ ያለ ይመስላቸዋል።

“አቤት? . . . አዎ፣ እኔ ነኝ። . . . ዓይናለምን? እንዴት አላውቃት! አራተኛ ዓመቷ እኮ ነው እጄ ላይ። . . . ከትምህርት ውጭ? ከትምህርት ውጭማ ቤቷ ናት። የት ትሄዳለች? . . . ምን? ክበብ? በስመ አብ! ክበብ ድርሽ አትልም። . . . ሰው ማስተባበር? ከማን ጋር? ኧረ እሷ እንዲህ ያለው የለባትም፤ ጎረቤት እንኳ ድምጿን አያውቀው። . . . መምራት? መምራትማ ለአባወራው ነው፤ እሷ ታዛዥ ናት። . . . አባቷም የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ማንንም ቢጠይቁ ይነግሩዎታል። . . . አሜን። አሜን። ለኛም ያድርግልን።”

ስልኩን ዘግተው በአጥሩ በኩል ተጣሩ።

“ጋሽ አስናቀ፣ ሰሙልኝ?”

“ሰምቻለሁ።”

“አዲስ አበባ ድረስ ስሟ ተሰምቷል እኮ። የተማረ ሰው ነው፤ ትሕትናው! እኔ የምለውን ሁሉ ይጽፍ ነበር መሰለኝ፣ ኮሽ ኮሽ ይላል።”

ነገሩ ገብቶኛል። ሆኖም የተነገረው ተነግሯል፤ ባለጉዳይዋ እስክትመጣ አጥሬን መጠገን ቀጠልኩ።

ዓይናለም ከትምህርት የተመለሰችው አብራት ከምትኖረው፣ በክፍል ከምታንሳት የእብናት ልጅ ከውቢት ጋር ነው። ወይዘሮ አሰለፈች ምስሩን አስቀምጠው ተነሱ።

“ነይ ሳሚኝ። ደወሉልሽ።”

“ምን አሏቸው እትዬ?”

“ምን እላለሁ፣ ያለውን ነዋ። ከቤት አትወጣም አልኩ። ስለ ክበብም ጠየቀኝ፤ ይህችን ልጅ ከክበብ ጋር አያንሱብኝ አልኩት።”

ዓይናለም ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። የጮኸችው ውቢት ናት።

“እትዬ! የኮሌጅ ሰዎች እኮ ናቸው። ለትምህርት ሊቀበሏት ነው የሚጠይቁት።”

“ኮሌጅ?” አሉ ወይዘሮ አሰለፈች። “ታዲያ ኮሌጅ ከሆኑ እንደ ሽማግሌ የሚጠይቁት ምን ሆነው ነው?”

ጥቂት ካሰቡ በኋላ ስልኩን አነሱ።

“መልሼ ልደውልለት። ክበብ ትገባለች፣ ከሰው ጋር ትውላለች፣ ምን ልበል? አንቺ ንገሪኝ።”

“አይደውሉ እትዬ” አለች ዓይናለም። “ጠዋት ሌላ፣ ከሰዓት ሌላ ቢሰሙ ሁለቱንም አያምኑም።”

“ያልኩት ላይ ሐሰት አለበት?”

“የለበትም።”

“እንግዲያው!” ብለው ምስራቸውን ይዘው ገቡ። ራት ሰዓት ሲደርስ ግን ለነዓይናለም የሽሮ ወጥ ላኩ። በሳቸው ዘንድ ይህ ይቅርታ መጠየቅ ነው።

ቀርቶባታል ብለን ስናስብ ከፋሲካ በኋላ ለቃለ መጠይቅ ባሕር ዳር እንድትመጣ መልእክት ደረሳት። ውጤቷ ነው ያስጠራት። መምህር ታምራት አብሯት ሄደ፤ በመንገድ ላይ ፈገግ እንድትል፣ ቀና ብላ እንድትናገር ሲመክራት እንደዋለ ነግሮኛል። ምን እንደተባባሉ ራሷ ስትመለስ ተናገረች፤ ውቢት በየመካከሉ እያስደገመቻት ስለሰማሁ በቃሌ ይዤዋለሁ።

ጠያቂዎቹ ሦስት ነበሩ፤ አንድ ሽበታም ሰው፣ ያ ስልክ የደወለው ወጣትና መነጽር ያደረጉ ሴት። ስለ ፊዚክስ ጠየቋት፤ መለሰች። ስለ ሒሳብ ጠየቋት፤ መለሰች። ከዚያ ወጣቱ ወረቀቱን ገለጠ።

“ጎረቤትሽን አነጋግሬ ነበር። ከቤት አትወጣም፣ ድምጿ አይሰማም፣ ክበብ ድርሽ አትልም አሉኝ። ሌላ ዓይናለም መስላኝ ነበር።”

“እኔ ነኝ።”

“እውነት ነው ያሉት?”

የጋብቻ ጥየቃ መስሏቸው ነው ብትል ሁሉም ስቀው ነገሩ ያልፍ ነበር። ነገር ግን የመሰከረልህን ትልቅ ሰው ባዕድ ፊት ማስተባበል በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ልጅቷም ያደገችው በዚህ ነው።

“እውነት ነው” አለች። “ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ነኝ።”

“ሚኒ ሚዲያ ብለሽ ጽፈሻል።”

“አንድ ወር ገብቼ ነበር። አልቻልኩበትም።”

“ሌላስ?”

“ሌላ የለም።”

ወጣቱ ጻፈ። ሽበታሙ ሰውዬ ወደ በሩ ተመለከቱ፤ ውጭ ብዙ ልጅ ተራ ይጠብቃል። አብረዋት ከተቀመጡት አንዱ ሮቦት ሠርቶ ያመጣ ነበር፤ አንዷ ለአረጋውያን ልብስ አሰባስባለች፤ ፎቶውን ሁሉ አሳይታታለች። ዓይናለም ልትነሳ ስትል ሴትዮዋ ጠየቋት።

“ዝም ብዬ ልጠይቅሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ትሠሪያለሽ? ለምሳሌ ነገ?”

“ነገ የማሩ ተራ ነው፣ እኔ ቤት ነኝ” አለች፤ ማሩ ከግቢው ተማሪዎች አንዱ ነው። ከአፏ እስኪወጣ አላሰበችውም።

“የምን ተራ?”

ኋላ እንደነገረችን ወጣቱ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ጠበቃት።

“ስንቅ የማምጣት።”

ሽበታሙ “ምን?” አሉ። ሴትዮዋ ግን ሰምተዋል። ስንት እንደሆኑ ጠየቋት፤ አሥራ አንድ አለች። እንዴት እንደሚያደርጉት ጠየቋት፤ አጠር አድርጋ ተናገረች።

“አንዱ ቤተሰብ ያን ሰሞን የሚልከው ቢያጣስ?” አሉ ሴትዮዋ።

“ባዶ ከረጢት አይመጣም። ጎመንም ቢሆን፣ ማገዶም ቢሆን ይገባበታል። ሣጥን ውስጥ ከገባ በኋላ የማን እንደሆነ አይታወቅም።”

“አንቺ ግን ታውቂያለሽ።”

“ሣጥኑን የምትቀበለው ውቢት ናት። እሷ ስለ ሁሉም ነገር ስለምታወራ ማንም አያምናትም።”

እዚህ ላይ ውቢት “እንዲህ ብለሽ ነገርሻቸው?” ብላ አቋረጠቻት። ዓይናለም “አዎ” ብላ ቀጠለች።

“የሚያጭበረብር የለም?” አሉ ሽበታሙ ሰውዬ። አሁን ወደ በሩ አያዩም።

“አለ። ማሩ ቤታቸው ሽሮ እያለ ሁልጊዜ ድንች ብቻ ያመጣ ነበር።”

“ምን አደረጋችሁት?”

“ምንም አላልነውም። ድንቹን እሱ እንዲልጠው አደረግን። የአሥራ አንድ ሰው ድንች ለሁለት ሳምንት ከላጠ በኋላ ሽሮ አመጣ።”

ሦስቱም ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

“ይህን ለምን ማመልከቻው ላይ አልጻፍሽውም?” አላት ወጣቱ።

“ምግብ ነው እኮ” አለችው።

በዚሁ አበቃ። ወይዘሮ አሰለፈች ታሪኩን እስከ መጨረሻው አልጠበቁም፤ ስንቅ የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ነበር ፊታቸው የተለወጠው።

“የምትበሉትን ነገርሻቸው? ባዕድ ፊት?”

“ጠየቁኝ እትዬ።”

“ቢጠይቁሽስ! እኔ እንደዚያ አድርጌ ስምሽን ሰማይ ሰቅዬ፣ አንቺ ሄደሽ ርቦናል ብለሽ ታወርጂው? አባትሽ ቢሰማስ?”

ከሌላው ሁሉ ይህ ነው የከነከናት። የሚቀጥለው ቅዳሜ ተራዋ አልነበረም፤ ከሌላ ልጅ ተቀያይራ ወደ ገሳይ ሄደች፤ ወሬው ሳይቀድማት ለአባቷ ራሷ ለመንገር። አቶ ይሻው ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

“የማንን ስም ጠራሽ?”

“የማሩን።”

“በምን?”

“በድንች።”

“ድንች ነውር የለበትም” አሉና በጎቹን ሊያስገቡ ወጡ።

የመልቀቂያ ፈተናውን ተፈተነች፤ ክረምቱን አባቷ ዘንድ አረም ስታርም ከረመች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ኮሌጁን በስሙ አልጠራችውም። ውቢት በስልክ “ምን ይሉሽ ይመስልሻል?” ብትላት “ሮቦት የሠራ ልጅ ነበር” ትላለች፤ በቃ። መልሱ የመጣው በመስከረም መጀመሪያ ነው። ስልክ የሚይዝበት ጉብታ ላይ ወጥታ አነበበችው፤ ከዚያ ወደ ማሳው ተመልሳ የጀመረችውን ትልም ጨረሰች። ለኛ የደወለችው ስትጨርስ ነው።

ተቀብለዋታል።

ለምን እንደተቀበሏት መልእክቱ አይናገርም። ስለዚህ በሰፈራችን ሁሉም የየራሱን ያውቃል። መምህር ታምራት በፊዚክሱ ጥያቄ ነው ይላል። ጋሹ ድምፅ አውጥታ እንድትናገር ያለማመድኳት እኔ ነኝ እያለ ያወራል። ማሩ ደግሞ በየደረሰበት “በኔ ድንች ነው ያለፈችው” ይላል፤ የላጠበትን ክፍል ግን አያነሳም። ወይዘሮ አሰለፈች ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ ለእኔ በአጥሩ በኩል ነገሩን ዘጉት።

“የስንቁን ነገር ያለፉላት በኔ ቃል ነው ጋሽ አስናቀ። ጨዋነቷን አስቀድሜ ባልነግራቸው ኖሮ መቼ ይሰሟት ነበር?”

“ይሆናል” አልኳቸው። ላይሆን እንደሚችልም ማስረጃ የለኝም።

ዓይናለም ልትሄድ ስትሰናበት እሳቸው ጉልበት ላይ ወደቀች፤ “ቃልዎ ደርሶልኛል እትዬ” አለቻቸው። ወይዘሮ አሰለፈች መረቋት፤ በምርቃቱ መካከልም አዲስ አበባ ከማን ጋር መቆም እንደማይገባ ዘረዘሩላት። ለእኔም እጅ ነሳች። አቶ ይሻው መናኸሪያ ድረስ ሸኝተዋት፣ አውቶቡሱ ሳይነሳ ወደ ገበያ ሄዱ፤ በግ ይዘው መጥተው ነበርና።

በጥቅምት አንድ እሑድ ከሰዓት ደወለች። ውቢት ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማ አድርጋ አጥሩ ላይ አስቀመጠችው። ዓይናለም ጤናችንን ጠየቀች። ውቢት አፍ አፏን ቀድማ ስለ ማሽኑ ጠየቀቻት። አንድ የውኃ ፓምፕ ፈትተዋል፤ መልሰው ሲገጥሙት ሁለት ብሎን ተርፏል፤ ከየት እንደሆነ ገና አልታወቀም። ምግቡስ ስትላት ተሠርቶ ይጠብቀናል፣ ቆጥረው አይሰጡም አለች።

“ክበብ ገባሽ?” አለች ውቢት።

“ብዙ ነው ያለው። ሰው ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደየክበቡ ይሄዳል። እኔ ገና አልመረጥኩም። ቅዳሜ ሲሆን ቁጭ እላለሁ።”

“አጥኚ እንጂ።”

“አጥንቼ እጨርሳለሁ” አለች። ከዚያ “በሚመጣው ቅዳሜ ተራው የማን ነው?” ብላ ጠየቀች።

“ምን ያደርግልሻል?”

“ልወቀው ብዬ ነው።”

ውቢት የገሳዩንም የእብናቱንም ነገረቻት።